ከበረሃው ሳጥን የተረፈኝ መፋቂያ

ሳጥኑን የላከችልኝ ታናሽ እህቴ ናት። ድዴ እየደማ እንዳስቸገረኝ በስልክ ነግሬያት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ አሸዋማ ቀለም ያለው፣ ክዳኑ ላይ የግመል ሥዕል የታተመበት ካርቶን ደረሰኝ። ውስጡ አራት ዓይነት ዕቃ ተደርድሯል፤ የከርቤ የአፍ መጉመጥመጫ፣ የእሬት ጄል፣ ስልሳ እንክብል የያዘ ብልቃጥ እና በላስቲክ የታሸጉ አምስት መፋቂያዎች። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በወርቃማ ፊደል «የበረሃ ኃይል፤ አንቲኦክሲደንት እና ፀረ-ባክቴሪያ» ተብሎ ተጽፏል። ጠርሙሱም ጄሉም ብልቃጡም እያንዳንዳቸው የሙገሳ ድርሻቸውን ይዘዋል። ለመፋቂያዎቹ ግን አንድም ቃል አልተረፈላቸውም፤ ላስቲኩ ላይ ያለው የዛፉ ስም ብቻ ነው።

«ሞክሪውና ትነግሪኛለሽ፣ እትዬ» አለችኝ። ስድስት ሳምንት ሞከርኩት። የምነግራት ነገር በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ይህን ዓይነት ሳጥን ለመግዛት ለሚያስብ ሌላ ሰውም ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት 22 ዓመት በማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ በቴክኒሻንነት ሠርቻለሁ። ተመራማሪ አልነበርኩም። አጋር የሚባለውን፣ ባክቴሪያ የሚያድግበትን ጄል መሰል ነገር አፍልቼ ሳህን ላይ የማፈስ፣ ባክቴሪያ የምዘራ፣ በማግስቱ ጠዋት ከኢንኩቤተር፣ ማለትም ባክቴሪያው ከሚያድርበት የሙቀት ሳጥን አውጥቼ በማስመሪያ የምለካ ሰው ነበርኩ። ስለዚህ «ፀረ-ባክቴሪያ» የሚለውን ቃል ሳነብ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ግመልም አሸዋም አይደለም፤ ክብ ባዶ ቦታ ነው። የተክል ጭማቂ የተነከረ፣ 6 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ወረቀት ባክቴሪያ በተዘራበት አጋር ላይ ይቀመጣል፤ 37 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ያድራል። ጠዋት ሳህኑ ደመና በመሰለ ሽፋን ተሞልቶ ይገኛል፤ ጭማቂው ከሠራ ግን ወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። ቀለበቱ በሚሊሜትር ይለካል። ጥናት የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ሻጩ ዘንድ ደግሞ እዚሁ ላይ ያልቃል።

በእነዚያ ዓመታት የቅጠል ዱቄት በከረጢት ይዞ ያልመጣ ተማሪ አልነበረም ማለት እችላለሁ። የእሬት ቅጠል፣ የግራር ቅርፊት፣ የቁርቁራ ቅጠል፤ ያላየሁት የደረቅ ምድር ተክል ጥቂት ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል ቀለበት ያገኛሉ፣ ሁሉም ፎቶግራፍ ያነሳሉ። እኔ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነበረኝ፦ «በምን አሟሟችሁት?» በኤታኖል ከሆነ ኤታኖል ብቻውን የተነከረ ሌላ ወረቀት አጠገቡ መቀመጥ አለበት፤ አልኮል ራሱ ባክቴሪያ ገዳይ ነውና ቀለበቱ የማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ከዚያ ደግሞ መጠን አለ። ንጹሕ አንቲባዮቲክ በማይክሮግራም የሚሠራውን ሥራ ጥሬ የተክል ጭማቂ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በሚሊግራም ነው። ልዩነቱ ሺህ እጥፍ ነው። ተማሪዎቹ ይህን ጥያቄዬን እስኪሰለቹ ድረስ ሰምተውታል፤ ሳጥኑንም የመረመርኩት በዚሁ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ የከፈትኩት መጉመጥመጫውን ነው። መልኩ ያምራል። ቀላ ያለ ቡናማ፣ ጥርት ያለ፣ ብርሃን ሲያልፍበት ማር የሚመስል። ስጉመጠመጠው የናና ቅዝቃዜ አፌን ሞላው፤ ቀጥሎ ጣፋጭ ነገር መጣ። ከርቤ ግን አልመጣም። ከርቤን አንድ ጊዜ የቀመሰ ሰው አይረሳውም፤ ምላስን ጨምድዶ የሚይዝ ምሬት አለው፣ ከምሬቱ በኋላ ደግሞ ድድን የሚያኮማትር ስሜት ይከተላል። ተፍቼ መነጽሬን አደረግሁና የጠርሙሱን ጀርባ አነበብኩ።

የእንዲህ ዓይነት ምርቶች ይዘት በብዙ አገሮች ደንብ መሠረት ከብዙው ወደ ጥቂቱ ተደርድሮ ነው የሚጻፈው፤ ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ብቻ አምራቹ በፈለገው ቅደም ተከተል ሊቀመጡ ይችላሉ። የእኔው ጠርሙስ በውሃ ይጀምራል። ግሊሰሪን፣ ጣፋጭ ማድረጊያ፣ ዘይትና ውሃን የሚያዋህድ ንጥረ ነገር፣ የናና ዘይት እያለ ይሄድና መሐል ላይ ሴቲልፒሪዲኒየም ክሎራይድ ይላል። ከሁሉም መጨረሻ፣ ከማቅለሚያው ቀጥሎ፣ የከርቤ ጭማቂ ተቀምጧል። የመሐለኛውን ስም ሳይ ሳቄ መጣ። የድሮ ትውውቅ አለን። በፋብሪካ የሚሠራ፣ የባክቴሪያን ሽፋን የሚበጥስ የታወቀ ኬሚካል ነው፤ በርካታ ተራ የአፍ መጉመጥመጫዎች ውስጥም አለ። ክፉ ነገር አይደለም፣ ይሠራል። ሥራውን እርሱ ሠርቶ ስሙን ከርቤ መውሰዷ ነው የከነከነኝ።

ጠርሙሱ ፊት ለፊት ላይ «99.9 በመቶ ባክቴሪያ ይገድላል» የሚል ማኅተም መሰል ነገር አለ። ይህ ቁጥር ሰውን ያስደነግጣል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ግን ብዙም አያስደንቅም። አንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ ካለ 99.9 በመቶው ሲሞት አንድ ሺህ ይተርፋል። ምቹ ሁኔታ ያገኘ ፈጣን ባክቴሪያ በየ20 ደቂቃው ይባዛል፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ አሥር ጊዜ ሲባዛ ከሺህ እጥፍ በላይ ይሆናል። ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ማለት ነው፤ ወደነበረበት ተመለሰ። አፍ ውስጥ ያሉት እንዲህ አይፈጥኑም፤ ሆኖም እነርሱ ደግሞ ሌላ መከላከያ አላቸው። ሳህን ላይ እንዳሉት ተበታትነው አይኖሩም፤ ጥርስ ላይ ተጣብቀው፣ በራሳቸው ልጋግ ተሸፋፍነው፣ ድርብርብ ሆነው ነው የሚቀመጡት። ያንን ሽፋን የሚያፈርሰው ከሁሉ በፊት ፍትጊያ ነው።

እዚህ ላይ ከርቤን ራሷን እንዳልበድል እፈራለሁ። በመሳቢያዬ ውስጥ ከዓመታት በፊት ያስቀመጥኩት የከርቤ ቁራጭ ነበረኝ፤ የአውራ ጣቴን ጫፍ የሚያክል፣ ላዩ አቧራ የለበሰ፣ ሲሰብሩት ውስጡ ቀይ ቡናማ ሆኖ የሚያብረቀርቅ። ከርቤ ቅርፊቱ ከተሰነጠቀ የኮሚፎራ ዛፍ የሚንጠባጠብ የቁስል መሸፈኛ ነው። ደረቅ ምድር ላይ የቆመ ዛፍ ቁስሉን ክፍት መተው አይችልም፤ ውሃው ይተናል፣ ተባይ ይገባበታል። ስለዚህ ፈሳሹ ወጥቶ አየር ላይ ይደርቅና ይደፍነዋል። በውስጡ ሦስት ነገር አለ፤ በውሃ የሚሟሟ ሙጫ፣ በአልኮል የሚሟሟ ሬዚን እና ሽታውን የሚሰጠው ተናኝ ዘይት። እ.ኤ.አ. በ1996 ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች ከርቤ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች በአይጥ ላይ ሕመም እንደሚያስታግሱ «ኔቸር» መጽሔት ላይ አውጥተዋል። ባዶ ዝና አይደለም።

ቁራጩን ወቀጥኩና ጠንካራ አልኮል ውስጥ አንድ ሳምንት ዘፈዘፍኩት። በየቀኑ እነቀንቀው ነበር። ከዚያ በማጣሪያ ወረቀት አሳለፍኩት፤ ወርቃማ ፈሳሽ ወጣ። ብርጭቆ ውስጥ ንጹሕ ውሃ አድርጌ የዚህን ፈሳሽ አሥር ጠብታ ጨመርኩበት። የመጀመሪያው ጠብታ ውሃውን እንደነካ ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር ወደ ታች ተዘረጋ፤ በአሥረኛው ብርጭቆው ሙሉ በሙሉ ነጣ።

አጠገቤ ቆማ የነበረችው የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ወተት ጨመርሽበት እንዴ?» አለችኝ።

ወተት አይደለም። ሬዚኑ አልኮል ውስጥ ተረጋግቶ ኖሮ ውሃ ሲያገኝ መሟሟቱን ይተውና እጅግ ደቃቅ ጠብታ ሆኖ ይንሳፈፋል፤ ጠብታዎቹ ብርሃኑን ስለሚበትኑት ውሃው ነጭ ይመስላል። በሁለተኛው ብርጭቆ ውሃ ላይ ከጠርሙሱ መጉመጥመጫ አሥር ጠብታ ጨመርን። ምንም። ሃያ። ምንም። ለፍትሕ ያህል፣ ያ ዘይትና ውሃን የሚያዋህደው ንጥረ ነገር ጥቂት ሬዚን ሊደብቅ ይችላል፤ ምሬትን ግን እንዲህ አድርጎ መደበቅ ከባድ ነው። የሠራሁትን ወተት መሳይ ውሃ ስጉመጠመጥ ፊቴ እንዴት እንደተጨማደደ ልጅቷ እስከ ዛሬ እያስመሰለች ትስቃለች።

ብልቃጡን ስከፍት ሳቄ ቆመ።

እንክብሎቹ የደረቀ ቅጠል ዱቄት ናቸው፤ ላሪያ ትራይደንታታ የሚባል፣ በሰሜን አሜሪካ በረሃዎች የሚበቅል ቁጥቋጦ። በንግድ ስሙ ቻፓራል ይሉታል። ድንቅ ተክል ነው። በካሊፎርኒያ ሞሃቪ በረሃ ውስጥ ከአንድ ሥር ወደ ውጭ እየተስፋፋ ቀለበት የሠራ አንድ የላሪያ ቁጥቋጦ አለ፤ ዕድሜው ወደ 11,700 ዓመት ይገመታል። ቅጠሉ በሬዚን የተለበጠ ነው፣ ዝናብ ሲነካው አገሩን በሽታው ይሞላዋል። ብልቃጡ ላይ «ከሁሉ የላቀ አንቲኦክሲደንት» ይላል። ይህ ውሸት አይደለም። ችግሩ ያለውም እዚሁ እውነት ላይ ነው።

የበረሃ ተክል አንቲኦክሲደንት የሚያመርተው ለእኛ ብሎ አይደለም። ቀትር ላይ ውሃ እንዳይተንበት የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ቀዳዳው ሲዘጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይገባም፤ ፀሐይዋ ግን መምታቷን አታቆምም። ቅጠሉ የሰበሰበው የብርሃን ጉልበት ሥራ ሲያጣ ኦክስጅን ላይ ያርፍና ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃ ቁጡ ዓይነት ኦክስጅን ይፈጠራል። ተክሉ ይህን ለማብረድ ፌኖልና ፍላቮኖይድ የሚባሉ ውህዶችን ያከማቻል፤ አንቲኦክሲደንት የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ጥላ እንደሌለው ሰው በራሱ ላይ ጥላ መዘርጋቱ ነው። ድርቅና ፀሐይ የበረታበት ቅጠል ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ውህዶች አብዝቶ የሚገኘውም ለዚህ ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥ ይህ የሚለካው በቀለም ነው። ዲፒፒኤች የሚባል ደማቅ ሐምራዊ ፈሳሽ አለ፤ የተክሉ ጭማቂ ሲጨመርበት ሐምራዊነቱ ይጠፋና ቢጫ ይሆናል። መሣሪያው በ517 ናኖሜትር ሞገድ ላይ ምን ያህል እንደደበዘዘ ያነባል። እኔ ቀኑን ሙሉ ሳደበዝዝ የዋልኩባቸው ጊዜያት አሉ። ለእህቴ ልጅ በቤት ውስጥ ባለ ነገር አሳየኋት። ውሃ ውስጥ የቁስል አዮዲን ጠብ አድርጌ ቡናማ ሲሆን፣ የተፈጨ የቫይታሚን ሲ ክኒን ጨመርኩበት። ቡናማው በዓይኗ ፊት ጠፋ። «ጠጪውና ትድኛለሽ ማለት ነው?» አለችኝ። አይደለም፤ ብርጭቆው ውስጥ አንዱ ኬሚካል ለሌላው ኤሌክትሮን ሰጠው፣ ይኸው ነው። በአፍ የሚገባ ነገር በጨጓራ፣ በአንጀትና በጉበት ያልፋል፤ ደም ውስጥ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፣ የደረሰውም ተለውጦ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግቦችን የአንቲኦክሲደንት ውጤት በቁጥር የሚያሳየውን ሰንጠረዡን እ.ኤ.አ. በ2012 ከድረ ገጹ ያነሳው፣ ቁጥሮቹ ሰውነት ውስጥ ስለሚሆነው ነገር አይናገሩም፣ ለማስታወቂያም እየዋሉ ነው በሚል ነበር።

የላሪያን ታሪክ የከበደ የሚያደርገው ግን ሌላ ነው። የቅጠሉ ዋና አንቲኦክሲደንት ረጅም ስም አለው፤ በአጭሩ ኤንዲጂኤ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ቅባት እንዳይሻግት በሚል በሰፊው ምግብ ውስጥ ይጨመር ነበር፤ በዚያ ሥራ ጎበዝ ነው። በኋላ አይጦች ላይ ሲሞከር ኩላሊታቸውን ስለጎዳ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1968 ደኅንነታቸው ከታመነባቸው የምግብ ተጨማሪዎች መዝገብ አወጣው። በ1992 ደግሞ ይኸው መሥሪያ ቤት ቻፓራል ጉበት እንደሚጎዳ ሕዝብን አስጠነቀቀ። ከ1992 እስከ 1994 ለመሥሪያ ቤቱ ከደረሱት 18 የጉዳት ሪፖርቶች 13ቱ የጉበት ጉዳት መሆናቸው ታውቋል፤ ሁለቱ ሰዎች የጉበት ንቅለ ተከላ አስፈልጓቸዋል። ቅባት ከመሻገት የሚጠብቅ ነገር ጉበትን ይጠብቃል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም።

ብልቃጡ ላይ ስለ ጉበት አንድ ቃል የለም። ለአምራቹ ጻፍኩ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ «ምርታችን ሙሉ በሙሉ ተፈጥሯዊ ነው» የሚል ባለ አንድ መስመር መልስ ደረሰኝ። እሬትም ተፈጥሯዊ ነው፣ እባብም ተፈጥሯዊ ነው። ስልሳውን እንክብል አንድም ሳልውጥ አስወገድኳቸው፤ ይህን ሳጥን የገዛ ሰው ሌላውን ምክሬን ባይሰማኝ እንኳ ይህቺን ይስማኝ።

ስለ እሬት ጄሉ ብዙ የምለው የለኝም። አረንጓዴ ነው፤ እውነተኛው የእሬት ልብ ግን ቀለም የለውም፣ በጨረቃ ብርሃን የታየ ውሃ ነው የሚመስለው። «99 በመቶ እሬት» መባሉም አይግረማችሁ፤ የቅጠሉ ልብ ራሱ ወደ 99 በመቶው ውሃ ነው። ጣቴን ቀለል ያለ ቃጠሎ ሲያገኘኝ ቀባሁት፣ አቀዘቀዘኝ፣ አልተቆጨሁም። አንድ ነገር ብቻ፦ ልቡና ከቅርፊቱ ሥር ያለው ቢጫ ፈሳሽ አንድ አይደሉም። ያ «እሬት እሬት» የሚለው ቢጫው ነው፤ ኃይለኛ አስቀማጭ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሚሸጡ የሆድ ማለስለሻዎች ውስጥ እንዳይገባ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የሚቀባ ጄል ገዝቶ የሚጠጣ ሰው ስላጋጠመኝ ነው ይህን መጻፌ።

አሁን ወደ እንጨቱ።

ላስቲኩ ላይ የተጻፈው ስም ሳልቫዶራ ፐርሲካ ነው፤ ዓረቦች ሚስዋክ የሚሉትን መፋቂያ የሚሰጠው ቁጥቋጦ። ከአፍሪካ በረሃማ ዳርቻዎች እስከ ህንድ ድረስ ጨዋማና ደረቅ መሬት ላይ ይበቅላል። የጣት ርዝመት ያለውን ሥር አንዱን ጫፍ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ቅርፊቱን ልጬ አኘክሁት። መጀመሪያ እንጨት እንጨት አለኝ። ጥርሴ ሲጫነው ጭረቶቹ ተለያዩ፣ ጨው የመሰለ ነገር ወጣ፤ ሦስት አራት ጊዜ ካኘክሁት በኋላ አንድ ነገር አፍንጫዬን ከውስጥ ወጋኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ይህን ስሜት አውቀዋለሁ አልኩ፤ ሰናፍጭ ነው።

በእርግጥም ሰናፍጭ ነው። ሳልቫዶራና ሰናፍጭ በዕፅዋት ምደባ አንድ ክፍለ መደብ ውስጥ ይገባሉ፤ መሣሪያቸውም አንድ ዓይነት ነው። እንጨቱ ውስጥ አንድ ሰላማዊ ውህድ አንድ ቦታ፣ የሚቀሰቅሰው ኢንዛይም ደግሞ ሌላ ቦታ ተለያይተው ተቀምጠዋል። ሳይነካ እስካለ ድረስ አይገናኙም። ከብት ወይም ሰው ሲያኝከው ግድግዳው ይፈርሳል፣ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ ቤንዚል አይሶታዮሲያኔት የሚባል የሚቆጠቁጥ ተናኝ ነገር እዚያው ይወለዳል። ፋብሪካው አፌ ውስጥ ነው ማለት ነው። ጠርሙስ ውስጥ ቀድሞ የተደረገ ነገር ሁሉ በመደርደሪያ ላይ እየተነነ ዕድሜውን ይቆጥራል፤ ይህኛው ግን ሥራውን የሚጀምረው ጥርሴ ሲነካው ነው።

በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ሥራ ሳነበው ወንበሬ ላይ ቀጥ አድርጎ ያስቀመጠኝ ነው። የመፋቂያ ቁራጭ አንዱን አጋር ውስጥ ቀበሩት፤ ሌላውን ደግሞ ሳህኑን ጨርሶ ሳይነካ ከላይ አንጠለጠሉት። የተንጠለጠለው ከሥሩ ያለውን ባክቴሪያ ገደለ፤ ከተቀበረው እኩል፣ አንዳንዴም በበለጠ። ዕድሜ ልኬን «በምን አሟሟችሁት?» እያልኩ የኖርኩ ሴት መልሱን አገኘሁ፤ በምንም! አልኮል የለም፣ ማሟሚያ የለም፣ ከእንጨቱ የተነሣ ሽታ ብቻ። በ2011 ደግሞ ገዳዩ ያ የሰናፍጭ ውህድ መሆኑን ለይተው አወጡ። በይበልጥ የተጎዳው የድድ በሽታ ከሚያመጡት ዋነኞች አንዱ የሆነው ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ ነው፤ ጥርስ የሚያቦረቡረው ስትሬፕቶኮከስ ሚዩታንስ ግን ያን ያህል አልተጎዳም። ስለዚህ ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙናዬን አልጣልኩም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1986 የመፋቂያን አጠቃቀም ደግፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች መግለጫ ደግሞ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል ብሏል። ሁለቱም ትክክል ይመስሉኛል።

የራሴን ማስታወሻ ልግለጥ። ዘወትር ከምጠቀምበት ብሩሽና ሳሙና ጋር፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት መጉመጥመጫውን፣ ቀጣዮቹን ሦስት ሳምንታት መፋቂያውን ተጠቀምኩ። ስተፋ ሮዝ ቀለም ያየሁበትን ቀን ምልክት አደረግሁ። በመጉመጥመጫው 21 ቀን ውስጥ 13 ምልክት፤ በመፋቂያው 21 ቀን ውስጥ 9፣ ከዘጠኙም በመጨረሻው ሳምንት የነበረው 1 ብቻ ነው። ይህ ጥናት አይባልም፤ አንድ ድድ ነው። መፋቂያውን ይዤ ጋዜጣ ሳነብ ሃያ ደቂቃ ስለምቆይ ውጤቱ የፍትጊያው እንጂ የሰናፍጩ ላይሆን ይችላል። በብሩሽ ሃያ ደቂቃ የሚቦርሽ ሰው አላውቅም።

ቅሬታም አለኝ። ከኋላ ያሉትን መንጋጋዎች ውስጠኛ ገጽ በእንጨት መድረስ ጭንቅ ነው፤ ብሩሽ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ እንጨት ግትር ይላል። በኃይል ወደ ጎን የፈተገ ሰው ድዱን ያሸሸዋል፤ ከድድ ወደ ጥርስ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው መሄድ ያለበት። በሦስተኛው ቀን መንጋጋዬ ዝሎ ነበር።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን በአምራቹ ላይ ነው። ከአምስቱ ሁለቱ ብቻ ለምለም ነበሩ፤ ሲታጠፉ የሚለጠጡ፣ ውስጣቸው የቅቤ ቀለም ያለው። ሁለቱ ደርቀው ቡናማ ሆነዋል፤ ውሃ ውስጥ ነክሬ ሳኝካቸው ጭረታቸው ደኅና ነው፣ ያ አፍንጫ የሚወጋው ነገር ግን የለም። አምስተኛው በላስቲኩ ቀዳዳ አየር ገብቶበት ጫፉ ላይ አረንጓዴ ጸጉር አብቅሏል። በፀረ-ባክቴሪያ እንጨት ላይ ሻጋታ! ሻጋታ ባክቴሪያ ስላልሆነ እንጨቱ ዋሽቷል አልልም፤ ማሸጊያው ግን ዋሽቷል። ለመጉመጥመጫው የሚያብረቀርቅ ጠርሙስ ሲሠሩ ከሳጥኑ ሁሉ የሚበላሸውን አንድ ዕቃ ቀዳዳ ላስቲክ ውስጥ ጠቅልለውታል። የተቆረጠበት ቀንም የትም ቦታ አልተጻፈም።

ለምለሞቹን በክዳን በሚገጥም ብርጭቆ አድርጌ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥኳቸው፤ ያኘክሁትን ጫፍ በየሁለት ቀኑ እቆርጥና አዲስ እልጣለሁ። እንዲህ ሆኖ አንዱ ሥር አሥራ ሁለት ቀን አገለገለኝ። ጭማቂው መቆጥቆጡን ሲያቆም ጊዜው አልቋል ማለት ነው፤ ምላስ ከማንኛውም ማኅተም የተሻለ መለኪያ ሆና አግኝቻታለሁ።

ትናንት እህቴ ደወለች። «እንዴት ሆነልሽ፣ እትዬ? ሌላ ሳጥን ልላክልሽ?» አለችኝ። ሳጥኑን ተዪው አልኳት። እንጨቱን ለብቻው የሚሸጥ ሰው ካገኘሽ፣ ጎንበስ አድርገሽ እጠፊው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ እለፊው፣ ከተለጠጠ ግዢው፤ ከመላክሽ በፊት ደግሞ አንዱን ጫፍ ልጠሽ ቅመሺ። «ቀምሼ ምን ልሁን?» አለች። አልነገርኳትም፤ ስታለቅስ በስልክ ልሰማት ፈልጌ ነው።